የኩላሊት ሕመምተኛ ገበታና የፎስፌት ሒሳብ

(አራት ኪሎ ለኩላሊት ሕሙማን፣ ለአስታማሚዎቻቸውና ለጤና ባለሙያዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «የሚከለከሉትን ምግቦች ዝርዝር ይዘህልን ና» ብለውኝ ነበር። ዝርዝር አላመጣሁም። በፎቶ ኮፒ እየደበዘዘ ከአስታማሚ ወደ አስታማሚ የሚዞረውን ወረቀት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወተት፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላ፣ ለውዝ፣ ያልተፈተገ እህል ሁሉ ተከልክሏል ይላል። ይህን ሁሉ የተወ የአዲስ አበባ ሰው ምን በልቶ ሊያድር ነው? ወረቀቱ የተዘጋጀው ማለዳ ነጭ ዳቦ፣ ምሳ ነጭ ሩዝ ለሚበላ ሰው ነው። ይባስ ብሎ ቋሊማ፣ ሞርታዴላ፣ በፋብሪካ የተቀነባበረ ቺዝና የዱቄት ወተት ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኙም። ሕመምተኛው ምስሩን ትቶ ሞርታዴላ በዳቦ ይበላል፤ ትእዛዝ ያከበረም ይመስለዋል።

ወረቀቱ እነዚህን የሚከለክለው ፎስፌት ስላለባቸው ነው፤ እኔ የመጣሁት ስለዚሁ ፎስፌት ክትትል ለመናገር ነው። ምን በላን? ከበላነው ውስጥ ምን ያህሉ ወደ ደም ገባ? ደሙስ መቼ ተቀድቶ ተለካ? ሦስቱን ካልያዝን የላቦራቶሪው ቁጥር ብቻውን አያናግረንም።

ፎስፌት ማለት ፎስፈረስ የተባለው ማዕድን በሰውነታችን ውስጥ የሚገኝበት መልክ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው በሰውነቱ ውስጥ 700 ግራም ያህል ፎስፈረስ ይዞ ይዞራል። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶ የሚሆነው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው፤ የቀረው አብዛኛው በሕዋሳት ውስጥ ይኖራል። ደም ውስጥ የሚገኘው ከአንድ በመቶ በታች ሲሆን ላቦራቶሪ የሚለካልን ይህቺኑ ታናሽ ክፍል ነው። የጤናማ ሰው ልክ በዴሲሊተር ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ከምግብ የገባውን ትርፍ የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ፎስፈረስ ራሱ መጀመሪያ የተገኘው ከሽንት መሆኑን ስታውቁ ሳትስቁ አትቀሩም። በ1669 እ.ኤ.አ. ሄኒግ ብራንድ የተባለ የሀምቡርግ ሰው ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ሽንት ሲያፈላ ሲያነጥር፣ በጨለማ የሚያበራ ነገር እጁ ላይ ቀረ።

ኩላሊት ሲደክም ፎስፌት ወዲያው አይጨምርም። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አጥንት ኤፍ ጂ ኤፍ 23 የተባለ ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህ ሆርሞን የቀረውን የኩላሊት ክፍል «አውጣው፣ አውጣው» እያለ ያስጨንቀዋል። አንገት ውስጥ ያሉት የፓራታይሮይድ ዕጢዎችም ይተባበሩታል። በዚህ ግፊት ኩላሊቱ ከጤናማው ሲሶ ያህል ብቻ እስኪሠራ ድረስ የደሙ ቁጥር ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ዋጋው ግን እየተከፈለ ነው። ቫይታሚን ዲ ወደሚሠራበት መልኩ የሚለወጠው ያንሳል፣ አጥንት ካልሲየሙን ይለቃል፣ የልብ ጡንቻም ይወፍራል። ውሎ አድሮ ቁጥሩ ሲወጣ ካልሲየምና ፎስፌት ተያይዘው የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጋገራሉ። ሕመምተኛው የሚሰማው ማሳከክና የአጥንት ሕመም ነው፤ እሱም ከተሰማው ነው። ስለዚህ «ምንም አይሰማኝም» የሚል ሰው ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ከአምስቱ የኩላሊት ሕመም ደረጃዎች ሦስተኛው ላይ ያለ ሰው ፎስፌቱን ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ፣ አራተኛው ላይ ያለ ከ3 እስከ 6 ወር፣ አምስተኛው ላይ ያለ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይለካል።

አሁን ወደ እጥበቱ፣ ደም በማሽን ወደሚጣራበት ሕክምና፣ እንምጣ። ብዙ ጊዜ የምሰማው «ታጥቤ የለ እንዴ፣ ለምን ይወጣል?» የሚል ጥያቄ ነው። እስክርቢቶ ያላችሁ አብራችሁኝ አስሉ። በቀን 1000 ሚሊግራም ፎስፈረስ የሚበላ ሰው ስድሳ በመቶውን ቢመጥ በቀን 600፣ በሳምንት 4200 ሚሊግራም ወደ ደሙ ይገባል። አንድ የአራት ሰዓት እጥበት በአማካይ 800 ሚሊግራም ገደማ ያወጣል። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚታጠብ ሰው 2400 ያወጣል፤ በዋጋው ምክንያት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚታጠበው፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥም ያላችሁ ብዙዎች፣ 1600 ብቻ። ቀሪውን የት እናደርሰዋለን? ማሽኑ ውስጥ ሰዓት መጨመርም በእጥፍ አያወጣውም። ፎስፌት የተከማቸው በአጥንትና በሕዋስ ውስጥ ስለሆነ ደም ውስጥ ያለው ቶሎ ይታጠብና ሌላው ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከእጥበት በኋላ ባሉት ሰዓታትም ደሙ መልሶ ይሞላል።

ፎስፌትን አንጀት ላይ የሚይዙ መድኃኒቶች አሉ። እዚህ ከተማ በብዛት የሚገኘው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አንድ ግራሙ የሚይዘው 40 ሚሊግራም ገደማ ፎስፈረስ ነው፤ ስለዚህ ጠቃሚ ነው፣ ተአምር ግን አይሠራም። ደግሞም የሚሠራው ከምግብ ጋር ከገባ ብቻ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ የዋጣችሁት ክኒን ማታ ለምትበሉት ክትፎ አይደርስለትም። ብዙ ምግብ ለምትበሉበት ሰዓት ብዙውን ክኒን ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ካልሲየሙ ሲበዛም የራሱ ጣጣ አለውና በራሳችሁ አትጨምሩ።

እንግዲህ ሒሳቡ የሚዘጋው ገበታው ላይ ነው። ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው ልክ በቀን ከ800 እስከ 1000 ሚሊግራም የሚል ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ ቁጥር ለሁሉም ከመስጠት ይልቅ የደም ፎስፌት በጤናማው ልክ እንዲቆይ የእያንዳንዱን ሰው አመጋገብ አስተካክሉ አለ። የኬዲጎውም መመሪያ ምንጩን እዩ ይላል፤ ከእንስሳ ነው፣ ከዕፅዋት ነው ወይስ ከተጨማሪ ኬሚካል? በእኔ እምነት ከሁሉም ምክር የሚበልጠው ይህ ነው። ፋብሪካ የሚጨምረው ፎስፌት ከ90 እስከ 100 በመቶ ይመጠጣል። ከሥጋና ከወተት የሚገኘው ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ደግሞ ፋይቴት በተባለ ነገር ታስሮ የተቀመጠ ነው፤ የሰው አንጀት ማሰሪያውን የሚፈታ ኢንዛይም ስለሌለው የሚመጠጠው ከ20 እስከ 50 በመቶው ብቻ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ከአሥር የማይበልጡ የኩላሊት ሕሙማን አንድ ሳምንት የዕፅዋት፣ አንድ ሳምንት የሥጋና የወተት ምግብ ተሰጣቸው። በሁለቱም ሳምንታት የፎስፈረሱ መጠን እኩል ነበር። በዕፅዋቱ ሳምንት ግን የደም ፎስፌታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ያ የአጥንት ሆርሞንም እንዲሁ።

ይህን ስሰማ «ሽሮ ዳነ» ብዬ ተደስቼ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ጥንቃቄ አለ። መቶ ግራም ጤፍ 430 ሚሊግራም ገደማ ፎስፈረስ አለው። እንጀራ ደግሞ ጥሬ ጤፍ አይደለም። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይሰባበራል፤ ብረትና ዚንክ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ በረከት ነው፣ የታሰረው ፎስፌትም አብሮ ይፈታል። ስለዚህ የውጭ መጻሕፍት ለጥራጥሬ የሚሰጡትን ዝቅተኛ ቁጥር እንዳለ እንጀራ ላይ መለጠፍ አይገባም። በዚህ ምክንያት እንጀራ ይቅር የሚል ካለ ግን አልስማማም፤ ስንት እንጀራ እንደሆነ ማወቁ ይበቃል። ከቆሎ ይልቅ ንፍሮ የሚሻልበትም ምክንያት አለ። ንፍሮ ሲቀቀል ከፎስፈረሱ ከፊሉ ከነፖታሲየሙ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ውሃው ይደፋል። እህሉም ስለሚያብጥ አንድ እፍኝ ውስጥ የሚገባው ያንሳል። ቆሎ ደርቆ ተጠቃልሎ ስለሚቀመጥ አንድ እፍኝ ብዙ ነው፤ አንድ እፍኝ ላይ የሚያቆም ሰውም አላጋጠመኝም። ምስርና ክክ ስትሠሩም የመጀመሪያውን መቀቀያ ውሃ ድፉት።

ከእንስሳው ወገን ጥቂት ልንገራችሁ። የአንድ እንቁላል አስኳል 66 ሚሊግራም ገደማ ፎስፈረስ ሲኖረው ነጩ 5 ብቻ አለው፤ ነጩ ውስጥ ግን ከሦስት ግራም ተኩል በላይ ፕሮቲን አለ። ስለዚህ የዶሮ ወጡ እንቁላል ሲደርሳችሁ አስኳሉን ለልጅ ልጅ አጉርሱ፤ የሚቀየም ልጅ የለም። አንድ ብርጭቆ ወተት 220 ሚሊግራም ያህል አለው። አይብን ግን ከወተት ጋር አንድ ላይ አልኮንነውም። በኮምጣጣነቱና በእሳት የሚረጋ አይብ ሲሠራ ካልሲየሙና ፎስፌቱ በከፊል ሟሙቶ ከአጓቱ ጋር ይወጣል። በፋብሪካ የሚቀነባበረው ቺዝ ተቃራኒ ነው፤ ሲቀልጥ እንዳይለያይ ፎስፌት ይጨመርበታል።

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ፎስፌታቸው 7.8 ሆኖ መጡ። «ምንም አልበላም እኮ ልጄ፣ ምን አገኘሁ ብለህ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እሳቸው ምግብ ብለው የሚቆጥሩት መሶብ ላይ የቀረበውን ነው። ስለዚህ ስለ ምግብ መጠየቄን ተውኩና ስለ ውሏቸው ጠየቅኋቸው። ከእንቅልፍ ሲነሡ ምን ይጠጣሉ? ሻይ። ባዶውን? ልጃቸው ጤናቸው ተጎድቷል ብላ የዱቄት ወተት ትጨምርበታለች፤ ጠዋት ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ማታ ሦስት። ስድስቱ ማንኪያ በትንሹ 45 ግራም ነው፤ 350 ሚሊግራም ፎስፈረስ። ያንን የወተት ሻይ በቀጭን ሻይ ከመተካታቸው በፊት ምስር እንዲተዉ መንገር ግፍ ነው። ልጅቷም አጥፍታ አይደለም፤ እናቷን ማበርታት ነው የፈለገችው።

እስቲ አሁን ማሸጊያ እናንብብ። በከተማው መሃል ካሉ ሱፐርማርኬቶች አንዱ ውስጥ ገብታችሁ የቋሊማ እሽግ አንሡ። ፊት ለፊቱ ላይ ሥጋ የሚመስል ሥዕል አለ፤ ዞር አድርጉት። የፎስፈረስ መጠን ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ብትፈልጉ አታገኙትም። የተቀላቀለው ነገር ዝርዝር ግን በደቃቅ ፊደል ይኖራል። እዚያ ውስጥ ኢ450፣ ኢ451 ወይም ኢ452 የሚሉትን የተጨማሪ ኬሚካል መለያ ቁጥሮች ፈልጉ። ፎስፌቶቹ እነሱ ናቸው። ሥጋው ውስጥ የሚገቡት ውሃ እንዲይዝና ሚዛን እንዲያነሣ ነው። ከኢ338 እስከ ኢ341 ያሉትም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ቁጥር ካልተጻፈ በእንግሊዝኛው ውስጥ «ፎስ» ተብለው የሚነበቡትን አራት ፊደላት ፈልጉ፤ ቃሉ ምንም ያህል ረጅም ቢሆን እነሱ ካሉ በቂ ነው። እሽጉን መልሱት። መነጽር ረስታችሁ ከሆነ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ አስፍታችሁ ተመልከቱ። ቤኪንግ ፓውደር ላይም እንዲሁ አድርጉ፤ በእርሾ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ከኬክ የሚሻለው በዚህ ነው። ይህ ማንበብ ትርፍ እንዳለው ተፈትኗል። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት እጥበት ላይ ያሉ ሰዎችን በሁለት ከፍሎ አንደኛውን ወገን ማሸጊያ አንብቦ ፎስፌት የተጨመረበትን ምግብ እንዲተው አስተማረው። በሦስት ወር ውስጥ የዚያ ወገን ፎስፌት ከሌላው ይልቅ በ0.6 ሚሊግራም ተጨማሪ ቀነሰ። ያለ አዲስ መድኃኒት መሆኑን ልብ በሉ።

ጥቁሩን ለስላሳ መጠጥ በተመለከተ፣ ኮካ ኮላና ፔፕሲ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ አለ። አንድ ጣሳ 40 ሚሊግራም ገደማ ፎስፈረስ ይኖረዋል፤ ከወተቱ ያንሳል፣ ግን ሙሉ ለሙሉ ለማለት ይቻላል ይመጠጣል፤ ፕሮቲንም አይሰጣችሁም። ጉዳዩን ሁሉ ኮላ ላይ ጭኖ ሞርታዴላውን ማሳለፍ ግን ልክ አይመስለኝም።

አመጋገብን መመዝገብ ለእኛ አገር ሰው የሚከብድበት ሌላ ምክንያት አለ። መጠይቁ የተዘጋጀው ለየራሱ ሳህን ለሚበላ ሰው ነው። እኛ ከአንድ ትሪ እንበላለን፣ እንጎራረሳለን፣ አስተናጋጅ እንጀራ ይጨምራል። «ስንት ግራም በላህ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ጣሪያ ቢያይ አይፈረድበትም። የምመክረው ይህን ነው። የቤታችሁን እንጀራ አንድ ጊዜ በሚዛን መዝኑ፤ ከዚያ በኋላ ሩብ፣ ግማሽ፣ አንድ እያላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ወጡን በጭልፋ ቁጠሩ፤ ለሕመምተኛው ድርሻው አስቀድሞ በትሪው በእሱ በኩል ይደረግለት፣ ጉርሻውም ከዚያው ይሁን። ለሦስት ቀን ብቻ ጻፉ፤ አንዱ የእጥበት ቀን፣ አንዱ እጥበት የሌለበት፣ አንዱ እሑድ ወይም በዓል ይሁን። ቀኑን የመረጣችሁት ጥሩ የበላችሁበት ስለሆነ አይሁን፤ እኔ የምፈልገው እውነቱን ነው። ያልተመዘገበ ምግብ ደም ላይ መመዝገቡ አይቀርም። እጥበት ላይ ላልደረሳችሁና ሽንታችሁ ላልቆመ ሰዎች የ24 ሰዓት ሽንት ሰብስቦ ፎስፌቱን መለካትም ይቻላል፤ ከአንጀት ምን ያህሉ እንደገባ በግምት ያሳያል።

ከማስታወሻ ደብተሩ ጎን የጾም ቀን መቁጠሪያ አስቀምጡ። የኦርቶዶክስ ምእመናን የሆናችሁ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ለ50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። አንድ ሰው ጾሙ ሊፈታ ሲል ደሙ ቢለካና እንደገና በዳግማዊ ትንሣኤ ሳምንት ቢለካ፣ ሁለቱ ወረቀቶች የሁለት ሰው ይመስላሉ። ይህን ያላየ ሐኪም መድኃኒት ሊጨምር ይችላል፤ የበዓሉ ሳምንት ሲያልፍ ደግሞ ሊቀንስ። ስለዚህ የላቦራቶሪ ወረቀታችሁ ጀርባ ላይ «ጾም» ወይም «ፍስክ» ብላችሁ ጻፉ። በጾም ላይ ሌላ ነገር አለ፤ ጎመኑ፣ ቲማቲሙ፣ ድንቹ ፖታሲየም ያመጣል፣ ፖታሲየም ደግሞ ከፎስፌት በፈጠነ መንገድ ይገድላል። የታመመ ሰው ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ረመዳንን ለሚጾሙ እጥበት ላይ ያሉ ወገኖችም ቃሌ ያው ነው፤ ለበሽተኛ ፈቃድ ተሰጥቷል፣ ከሐኪምና ከሃይማኖት አባት ጋር ምከሩ።

የደም ምርመራውን በተመለከተ ሁለት ሦስት ነገር ልበልና ልለፍ። ደሙ ከእጥበት በፊት ይቀዳ፤ በሁለት እጥበቶች መካከል ካለው ረጅሙ ክፍተት በኋላ የተቀዳ ከፍ ብሎ እንደሚታይም አስታውሱ። ፎስፌት ጠዋት ዝቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተቀዱ። ቀይ የደም ሕዋሳት ተፈነዳድተው የተላከ ናሙና ቁጥሩን በውሸት ያስወጣዋል፤ ድንገት 9 ካያችሁ እንዲደገም ጠይቁ። መለኪያውንም እዩ፤ አንዱ ላቦራቶሪ በሚሊሞል፣ ሌላው በሚሊግራም ይጽፋል። የሚሊሞሉን ቁጥር በ3.1 ስታባዙ ወደ ሚሊግራሙ ትደርሳላችሁ፤ 1.9 ሚሊሞል ማለት 5.9 ሚሊግራም ነው። «ከ6 ወደ 2 ወረደልኝ» ብሎ የተደሰተ ሰው አውቃለሁ፤ የወረደው መለኪያው ነበር።

ፎስፌት የወረደላችሁ ሁሉ ደግሞ ጥሩ ላይሆን ይችላል። እጥበት ላይ ያለ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። ፕሮቲኑን ሁሉ ትቶ ፎስፌቱን ያወረደ ሰው ጡንቻው ሟሙቶ፣ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲኑ ወርዶ ልናገኘው እንችላለን። እጥበት ያልጀመረው ግን ፕሮቲኑ ልከኛ እንዲሆን ይመከራል። የሁለቱ ምክር ስለሚለያይ እጥበት ላይ ያለው ወንድማችሁ የሚበላውን እጥበት ላልጀመረው አትጫኑ።

በመጨረሻ ከአዳራሹ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር፤ «ቡናስ?» የሚል። ከጀበና የተቀዳ ቡና፣ ወተት ሳይጨመርበት፣ በስኒ ጥቂት ሚሊግራም ፎስፈረስ ብቻ ነው ያለው፤ ችግሩ ፒያሳ ቆማችሁ የምትጠጡት ማኪያቶ ውስጥ ወተቱ ነው፣ እሱም ቢሆን ከአንድ ብርጭቆ ወተት ያንሳል። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ፈንዲሻ አንድ ብርጭቆ ሙሉው 8 ግራም ያህል ነው፤ ወደ 30 ሚሊግራም ፎስፈረስ ብቻ አለው፣ ከቆሎው ይልቅ እሱን ምረጡ፣ ጨው ሳይበዛ። እጥበት ላይ ያላችሁ ግን ሦስቱን ስኒ የቀኑ ፈሳሻችሁ ላይ ደምሩት።